የሕግ መምህራን ከቤተ መጻሕፍት ሲወጡ

(ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።)

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ሰላምታውና የቤተሰቡ ጥየቃ ካለቀ በኋላ "መምህር፣ ካልረበሽኩዎት አንድ ነገር ላማክርዎት" አለች። የምታስተምርበት የሕግ ትምህርት ቤት ዘርፈ ብዙ የምርምር ማዕከል ሊያቋቁም ነው። ሕጉ፣ ሶሲዮሎጂው፣ ኢኮኖሚክሱ፣ ታሪኩ አንድ ላይ የሚሠሩበት ማለት ነው። እሷ አስተባባሪ ሆና ተመርጣለች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዕቅድ ጽፈሽ አምጪ ተብላለች። "ከየት ልጀምር?" ነው ጥያቄዋ።

ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። "እስቲ ጊዜ ስጪኝ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ዓይነት ማዕከል ሲከፈትም ሲዘጋም በዓይኔ አይቻለሁ። ሲዘጋ ደግሞ የኔም እጅ ነበረበት። እሱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ለእሷ የጻፍኩላትን ትንሽ አስፍቼ ዛሬ እዚህ ያስቀመጥኩት፣ ብዙዎቻችሁ በየዩኒቨርሲቲው ስለምታስተምሩ፣ ብዙዎቻችሁም በየችሎቱ ስለምትውሉ ነው። ጥያቄው የእናንተም ነው ብዬ አስባለሁ።

(ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ "ዓ.ም." እላለሁ።)

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1870 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የሆነው ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል ሕግ ሳይንስ ነው ብሎ ያምን ነበር። የኬሚስትሪ ሰው ቤተ ሙከራ እንዳለው ሁሉ፣ የሕግ ሰው ቤተ ሙከራ ቤተ መጻሕፍቱ ነው ባይ ነው። ተማሪው የይግባኝ ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ እያነበበ መርሑን ከውስጡ ራሱ ያወጣል። "ኬዙን አንብባችሁ ኑ" እየተባልን ያደግን ሁሉ የዚህ ሰውዬ የልጅ ልጆች ነን።

ዘዴው መጥፎ አይደለም፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬበታለሁ። ግን አንድ ጉድለት አለበት። ይግባኝ ድረስ ያልደረሰ ሰው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ገንዘብ አጥቶ ክሱን የተወው፣ በሽማግሌ የጨረሰው፣ ዘመድ ፈርቶ የቀረው፣ ተፈርዶለት ያላስፈጸመው አይታይም። ቤተ መጻሕፍቱ ቢሞላም አብዛኛው የሕግ ሕይወት ከደጅ ነው የቀረው።

ይሄ ነገር የከነከናቸው ሰዎች በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተሰባሰቡ። ሥርዓተ ትምህርቱን ከሥር መሠረቱ እንመርምረው ብለው ሊዮን ማርሻል የሚባል ኢኮኖሚስት ጭምር አመጡ። አስቡት፤ የሕግ መምህራን የራሳቸውን ትምህርት እንዲያይላቸው የሌላ ሙያ ሰው ሲጠሩ። ብዙም ሳይቆይ መምህራኑ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የሕግ ትምህርት ቤት ዋና ሥራ ጠበቃ ማሠልጠን ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ሕግ ኅብረተሰቡ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማጥናት ነው አለ። በ1928 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ከመጀመሪያው ወገን ዲን ሲሾም ሁለተኛው ወገን ሻንጣውን አነሳ።

ከወጡት መካከል ኸርማን ኦሊፋንትና ሄሰል ይንቴማ፣ ከማርሻልና ከዋልተር ዊለር ኩክ ጋር አራት ሆነው ባልቲሞር ገቡ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። ጆንስ ሆፕኪንስ የሕግ ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ እነሱም እንዲኖረው አልፈለጉም። ጠበቃ የማሠልጠን ጣጣ የሌለበት፣ ምርምር ብቻ የሚሠራበት ቤት ነው ያለሙት። የሜሪላንድንና የኦሃዮን ፍርድ ቤቶች መዝገብ መቁጠር ጀመሩ። ስንት ክስ ተከፈተ፣ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ ስንት ብር አስወጣ፣ በምን አለቀ። ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን መዝገብ ቤት ገብቶ መቁጠር ለአንድ ፕሮፌሰር የሚመጥን ሥራ አይመስልም ነበር።

ኢንስቲትዩቱ በ1933 ተዘጋ። አምስት ዓመት ብቻ ነው የኖረው። የኢኮኖሚው ውድቀት ለጋሾቹን አደረቃቸው፤ ቤቱ ደግሞ የራሱ ቋሚ ገንዘብ አልነበረውም። እኔ ግን ሌላም ምክንያት አይበታለሁ። ተማሪ አልነበረውም። ስለዚህ "የተማርኩበት ቤት ነው" ብሎ የሚጮህለት ዳኛ፣ ጠበቃ፣ የምክር ቤት አባል አልነበረውም። በዚያ ላይ ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ቁጥሩ ምን ጥያቄ እንደሚመልስ ግን ለውጭ ሰው ግልጽ አልነበረም። የችግር ቀን ሲመጣ ማንም አላለቀሰለትም።

ከኮሎምቢያ የወጡት ሌሎቹ ወደ ዬል ሄዱ። እዚያ ደግሞ በ1929 የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ሮበርት ሃቺንስና የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲን ሚልተን ዊንተርኒትዝ ተባብረው "የሰብአዊ ግንኙነቶች ኢንስቲትዩት" የሚባል ትልቅ ነገር በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ አቋቁመው ነበር። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ የሕግ ሰው አንድ ጣራ ሥር እንዲሠሩ ነው ሐሳቡ። ታዲያ ሃቺንስ እዚያው ዓመት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሄደ። ኢንስቲትዩቱም ቀስ በቀስ የሥነ ልቦና ሰዎች ቤት ሆነ።

ከዬሉ ታሪክ እኔ የምወደው አንደርሂል ሙር የሚባለውን ሰውዬ ነው። የንግድና የባንክ ሕግ አዋቂ ነው፤ የተከበረ ፕሮፌሰር። ይሄ ሰው ረዳቶቹን ይዞ በኒው ሄቨን ከተማ መንገድ ዳር የቆሙ መኪናዎችን መቁጠር ጀመረ። ማቆም የሚፈቀደው የሰዓት ገደብ ከመደረጉ በፊት መኪና ስንት ደቂቃ ይቆማል? ገደቡ ከወጣ በኋላስ? የቅጣት ወረቀት የተለጠፈበት መኪናና ያልተለጠፈበት መኪና ይለያያሉ ወይ? ውጤቱን በ1943 ከአንድ ባልደረባው ጋር አሳተመ። ብዙ ባልደረቦቹ ሳቁበት። ይሄን ሁሉ ዓመት የሕግ ፕሮፌሰር መኪና ይቆጥራል? እያሉ።

ጥያቄውን ግን እዩት፤ "ሕግ ሲወጣ የሰው ባሕርይ በእርግጥ ይለወጣል ወይ?" ነው የሚለው። ከዚህ በላይ የሕግ ጥያቄ አለ? እኛ ሀገር በየዓመቱ ስንት አዋጅ፣ ስንት ደንብ፣ ስንት መመሪያ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ መንገድ ዳር ቆሞ የቆጠረ ስንት ነው?

ከሁሉም ግን አስተማሪ ብዬ የማስበው የቺካጎው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፎርድ ፋውንዴሽን ለሕግና ለማኅበራዊ ሳይንስ ጥምር ጥናት ገንዘብ መስጠት ጀመረ። በ1953 አካባቢ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት፣ በዲኑ በኤድዋርድ ሌቪ ዘመን፣ የጁሪ ጥናት የሚባለውን ጀመረ። ሃሪ ካልቨን የሕግ መምህር ነው። ሃንስ ዛይዝል ከቪየና የመጣ፣ ሕግም ተምሮ በቁጥርና በማኅበራዊ ጥናት የተካነ ሰው ነው። ሌሎች የሶሲዮሎጂ ሰዎችም ነበሩበት።

ጁሪ ማለት ታውቃላችሁ፤ ተራ ዜጎች ተመርጠው፣ ክርክሩን ሰምተው፣ ክፍል ተዘግቶባቸው ይመክሩና ውሳኔ ይዘው ይወጣሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም። ተመራማሪዎቹ ይሄን ለማወቅ ጓጉ። በ1954 ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በጥቂት የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች፣ የጁሪዎቹ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ተደበቀ። ዳኞቹ ፈቅደዋል፣ ጠበቆቹም ተስማምተዋል። ያልተነገራቸው ጁሪዎቹ ራሳቸው ብቻ ናቸው።

በ1955 ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣና ሀገር ተናወጠ። የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ሌቪንና ካልቨንን ጠርቶ አፋጠጣቸው። ዘመኑ ኮሚኒስት የሚታደንበት ዘመን ስለሆነ ጥያቄው ሁሉ ከምርምር ሥነ ምግባር አልፎ ወደ "ማን ናችሁ? ከማን ጋር ናችሁ?" ሄደ። በ1956 ኮንግረሱ የፌዴራል ጁሪን ምክክር መቅዳትም ማድመጥም የሚከለክል ሕግ አወጣ። ካሴቶቹ ተመልሰው ጥቅም ላይ አልዋሉም።

እኔ ሴናተሮቹ ለምርምር ነፃነት ተጨንቀው ነበር አልልም። ግን ተመራማሪዎቹም ጥፋት አለባቸው። ባለሥልጣኑን አስፈቅደው ባለጉዳዩን ረሱ። ይሄ ስሕተት የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛስ መጠይቅ ይዘን ገጠር ስንወርድ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ካስፈቀድን በኋላ ገበሬውን "ፈቃደኛ ነህ ወይ?" ብለን የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን?

ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ቤቱን አልዘጉትም። ማይክሮፎኑን ትተው ሌላ መንገድ ፈለጉ። በመላው አሜሪካ ላሉ ዳኞች መጠይቅ ላኩ፤ "ጁሪው እንዲህ ወሰነ፤ አንተ ብቻህን ብትሆን ምን ትወስን ነበር?" የሚል። 555 ዳኞች ተባበሩ፤ የ3,576 የወንጀል ጉዳዮች መረጃ ተሰበሰበ። ካልቨንና ዛይዝል በ1966 "የአሜሪካ ጁሪ" ብለው ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዳኛና ጁሪ ከአራት ጉዳይ በሦስቱ ያህል እንደሚስማሙ አሳዩ። ሲለያዩ ደግሞ በብዛት ጁሪው ለተከሳሹ የሚራራው ሆኖ ተገኘ። "ተራ ሰው ስለ ሕግ ምን ያውቃል" የሚለው የዘመናት ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ቁጥር ቀረበለት። ይሄን መጽሐፍ የሕግ መምህሩ ብቻውን አይጽፈውም ነበር፤ የስታቲስቲክሱ ሰውም ብቻውን አይጽፈውም ነበር።

በ1961 ደግሞ ፊሊፕ ሴልዝኒክ የሚባል ሶሲዮሎጂስት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሕግና የኅብረተሰብ ጥናት ማዕከልን መሠረተ። ከዚያ ቤት የወጣው ጀሮም ስኮልኒክ ከፖሊሶች ጋር ጥበቃ እየወጣ፣ መኪናቸው ውስጥ እየተቀመጠ፣ ሕጉ የሚለውና ፖሊሱ የሚያደርገው ለምን እንደሚለያይ ጻፈ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በርክሌይ አንድ እርምጃ ጨመረ፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ራሱ የሕግና የማኅበራዊ ፖሊሲ የዶክትሬት ፕሮግራም ተከፈተ። ያ ማዕከል ዛሬም አለ። ሆፕኪንስ አምስት ዓመት፣ በርክሌይ ከስልሳ ዓመት በላይ። ልዩነቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በርክሌይ ውስጥ ማዕከሉና የመማሪያ ክፍሉ በር ለበር ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የቺካጎን ጥናት የደገፈው የፎርድ ፋውንዴሽን በዚያው ዘመን አዲስ አበባም ነበርና።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ከፔንሲልቬንያ የመጣው ጄምስ ፖል ነበር። ሁኔታውን አስቡት። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግድ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ወጥተዋል። አርቃቂዎቹ የውጭ ሊቃውንት ናቸው፤ የፍትሐ ብሔሩን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀሉን ስዊሳዊው ዣን ግራቨን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3347ን ታስታውሳላችሁ? ፈተና ላይ ስንቴ አውጥቼዋለሁ! ሕጉ በግልጽ ካላስቀረው በቀር፣ በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረው የጽሑፍም የልማድም ሕግ ሁሉ ተሽሯል ይላል።

ተሽሯል። በአንድ አንቀጽ። ከቦረና እስከ ሰሜን ተራሮች፣ ከአፋር እስከ ጋምቤላ ሰው ለዘመናት ሲዳኝበት የኖረው ሁሉ። ወረቀቱ ላይ ተሽሯል፤ ሰዉ ግን በማግስቱ ተነስቶ ሽማግሌ ፊት ተቀመጠ። ዛሬም ይቀመጣል። እንግዲህ ሕግን ከሌላ ሙያ ጋር አጋብቶ ለሚያጠና ቤት ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ከየት ይመጣል?

በእርግጥም በዚያ ዘመን ጅምሩ ነበር። ፋኩልቲው በ1964 "የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት"ን ማሳተም ጀመረ፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጭምር። በዚያው ግቢ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተከፍቶ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት እየመሩት፣ የታሪኩና የብራናው ሰው ከሕጉ ሰው ጋር ጎረቤት ሆነ። የሕግ ተማሪዎች ለመመረቂያቸው የትውልድ አካባቢያቸውን ባህላዊ ዳኝነት ይጽፉ ነበር። በ1968 ፋኩልቲው ፍትሐ ነገሥትን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ከግዕዝ የተረጎሙት አባ ጳውሎስ ፃድዋ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነው ሕግም የተማሩ፣ ኋላ ካርዲናል የሆኑ። አርታዒው እዚያው ያስተምር የነበረው ፒተር ስትራውስ ነው፤ በኋላ በኮሎምቢያ የታወቀ የአስተዳደር ሕግ ሊቅ ሆኗል። አንዱ ግዕዙን ያውቃል፣ ሌላው የሕግ ጽሑፍ አዘገጃጀቱን ያውቃል። ሁለቱ ተቀመጡና ሥራው ወጣ። በር ላይ "ዘርፈ ብዙ ማዕከል" የሚል ጽሑፍ አላስፈለጋቸውም።

እዚያው ያስተማረው ጆን ቤክስትሮምም በ1973 ከምዕራብ የተቀዱት ሕጎች ኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት እየተቀበሉ እንደሆነ የሚመረምር የመጀመሪያ ዘገባ አወጣ። የመጀመሪያ ያልኩት ተከታይ ሊኖረው ይገባ ስለነበር ነው። በዓመቱ አብዮቱ መጣ። ተማሪው ዘመቻ ወጣ፣ የውጭ መምህራኑ ሄዱ፣ መጽሔቱ መቆራረጥ ጀመረ። የገጠር መሬት አዋጁ ደግሞ የፍትሐ ብሔሩን ትልቅ ክፍል ከሥራ ውጭ አደረገው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ምርምር ቀርቶ በሕይወት ማደርም ዕድል ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጥያቄው ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው ያመጣው። አንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል በሩን ከፈተ። ቁጥር 3347 የዘጋውን በር ማለት ነው፤ በከፊልም ቢሆን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ውሎ አድሮ ከሕግ ትምህርት ቤቱ ጎን የሰብአዊ መብቶች ማዕከልንና የፌዴራሊዝም ጥናት ማዕከልን በአንድ ኮሌጅ ሥር አሰባሰበ። ከእናንተ መካከል እዚያ የተማራችሁ አላችሁ። የሕግ ምሩቅ ካልሆነ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ስለ መብት መከራከር ምን እንደሚመስል ከእኔ የበለጠ እናንተ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ቃል የገባሁትን ልናገር።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቦታ፣ የምርምር ማዕከል ተከፈተ። ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳና ኩኪስ ቀረበ፣ በሩ ላይ የናስ ጽሑፍ ተሰቀለ። ሦስት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የፋይል መደርደሪያ። እኔ የምርምር ሐሳቦችን የሚገመግመው ኮሚቴ አባል ነበርኩ።

የመጀመሪያው ሐሳብ የመጣው ከሶሲዮሎጂ ክፍል ነው። ወጣት መምህር ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት ሦስት ወር እየተቀመጥኩ፣ የልጅ ቀለብ የተፈረደላቸው ሴቶች ከፍርዱ በኋላ ምን እንደሚገጥማቸው ልከታተል አለ። የጠየቀው ገንዘብ ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ የሚበቃ ነው።

አንብቤ ስጨርስ የተናገርኩትን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። "ጥሩ ነው፤ ግን የሕግ ጥያቄው የት አለ? አንቀጹ ግልጽ ነው፤ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለ፤ ፍርዱ ካለ አፈጻጸም መክፈት ነው" አልኩ። ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሐሳቡ ወደቀ። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ወጣ። ከሱ በኋላ ከሌላ ክፍል ማንም አላመለከተም። ለምን ያመልክት? ማዕከሉ በሁለተኛው ዓመት ባዶውን ቆመ፤ በሦስተኛው የፈተና ወረቀት ማስቀመጫ ሆነ፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል ገባ። የናሱ ጽሑፍ ግን እኔ እስከለቀቅኩ ድረስ በሩ ላይ ነበር።

ማስተማሩን ቀንሼ ጥብቅና ከጀመርኩ በኋላ አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። ፍርዷን በፌስታል ጠቅልላ ነው የያዘችው። የልጅ ቀለብ ተፈርዶላታል፤ ፍርዱ ንጹሕ ነው፤ እኔ ብጽፈው ከዚያ አላሳምረውም። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አንድም ብር አልደረሳትም። "ለምን አፈጻጸም አልከፈትሽም?" አልኳት። "ጋሼ፣ ስፈልገው ቤት ቀየረ። ደመወዝ የለውም፣ ቀን ሥራ ነው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። መጥሪያ ላድርስ ብዬ በሄድኩ ቁጥር እኔ ነኝ ከሥራ የምቀረው። ልጁን ማን ይያዝልኝ? አንድ ቀን ስቀር የአንድ ቀን እንጀራ ነው" አለችኝ።

ከነገረችኝ አንዱም ኮዱ ውስጥ የለም። ሁሉም ግን ያ ልጅ ሦስት ወር ተቀምጦ ሊጽፈው የነበረው ነው። "የሕግ ጥያቄው የት አለ?" ብዬ ነበር። ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። የሴትዮዋን ጉዳይ የቻልኩትን ያህል ሄድኩበት፤ ትንሽ ተገኘ፣ ብዙው ቀረ። እሷን የመሰሉት ስንት እንደሆኑ ግን ልነግራችሁ አልችልም። እንዳይቆጠሩ ያደረግኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ለተማሪዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት።

"እህቴ፣ ዕቅድሽን ከቢሮው፣ ከኮምፒውተሩና ከመዋቅሩ አትጀምሪው። መጀመሪያ የሕግ መጽሐፍ ብቻውን የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ፈልጊ። አንድ ይበቃል፤ ዛይዝልና ካልቨን አንድ ጥያቄ ይዘው ከአሥር ዓመት በላይ ሠርተዋል። ሁለተኛ፣ ያንን ጥያቄ ካንቺ የተሻለ ማየት የሚችል የሌላ ሙያ ሰው ፈልጊና ከመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ጻፉት። ሕጉን ጨርሰን ስታቲስቲክሱን በኋላ እናስገባለን አይባልም፤ ሽንኩርት ወጡ ከወረደ በኋላ አይቁላላም። ሦስተኛ፣ ተማሪዎችሽን ፍርድ ቤት ይዘሻቸው ሂጂ፣ ይቁጠሩ፣ ይጻፉ፣ የቆጠሩትንም ክፍል ውስጥ አስተምሪበት። ለጋሹ ቢሄድ ቤቱን የሚጠብቁልሽ እነሱ ናቸው። አራተኛ፣ ፍርድ ቤቱን ስታስፈቅጂ ባለጉዳዮቹንም አስፈቅጂ፤ ዊቺታን አትርሺ። በመጨረሻ፣ ኮሚቴሽ ውስጥ 'የሕግ ጥያቄው የት አለ?' የሚል ሽማግሌ አይጠፋምና አክብረሽ ስሚው፤ ግን ድምፁ ብቻውን እንዲወስን አታድርጊ።"

ትናንት ማታ መልስ ላከችልኝ። ዕቅዱ አራት ገጽ ሆኗል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ በከተማዋ ፍርድ ቤት ባለፉት አምስት ዓመታት ቀለብ ከተፈረደላቸው ስንቶቹ ገንዘቡን በእጃቸው አገኙ? አብሯት የሚጽፈው የሶሲዮሎጂ መምህር ነው። ስለ ሴትዮዋ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ጥያቄውን ራሷ ነው ያገኘችው።

ያንን ወጣት መምህርም ፈልጌ ስልኩን አገኘሁት። ዛሬ ሌላ ከተማ ነው፤ የልጆች አባት ሆኗል። ይቅርታ ስለው መጀመሪያ ምኑን እንደማወራ አልገባውም። ኋላ ትዝ ሲለው ሳቀና "ኧረ ፕሮፖዛሉ አሁንም አለኝ" አለ። የልጅቷን ስልክ ሰጠሁት።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። በዳኝነት፣ በዓቃቤ ሕግነት፣ በሬጅስትራርነት፣ በጥብቅና የምትሠሩ፤ የተፈረደ ቀለብ ሳይፈጸም የሚቀርበት ዋናው ምክንያት በእናንተ ፍርድ ቤት ምንድን ነው? የባለጉዳይ ስም ሳትጠቅሱ ያያችሁትን ከታች ጻፉልኝ። ሰብስቤ እልክላቸዋለሁ።

መልካም ምሽት።